ኮከብ ቆጣሪ

ከዚራ ጥላ ሥር፣ ከጣቢያው ባሻገር፣
ኮከብ እሸጥ ነበር።
አንዱን በሃያ ብር፣ አምስቱን በዘጠና፣
(ቅናሽ አለው እና።)
ደብተራ አይደለሁም፣ የእናት ስም አልጠይቅ፤
ስልኬን ነካ ሳደርግ አምስት ኮከብ ድምቅ።

ነጂብ የሚባል ልጅ፣ የሐረር አስጎብኚ፣
“ጻፍልኝ” አለ ደውሎ፣ “ልክ እንደ ጎብኚ።”
ሐረርን አላውቃት። አምሳ ኪሎ ሜትር ነው፤
የቅርብን መች ያዩታል? ነገ ነው፣ ነገ ነው።

ጻፍኩ።
በሆላንድ ጡረተኛ፣ በጣሊያን ሐኪም ስም፣
ሙሽራም ሆኜ ጻፍኩ፣ ሚስት እንኳ የለኝም።
“የጀጎልን በሮች ሰባቱን አሳየን፤
ከሰማያዊ በር አሮጊት ብቅ ብላ ሎሚ አቀበለችን፤
ጅቦቹን በየስማቸው ጠርቶ አበላልን።”
በሩን አላየሁም። ሎሚዋን ፈጠርኳት።
ሰባትስ? ሰባት ቁጥር ደስ ትላለች፣ ወሰድኳት።

ደግሞ ሌላ ሥራ፦ “አው ሻሚ የሚሉት ገበያ ይሻማል፤
አንድ ብቻ ስጥልኝ።” (ኮከብ ሲጎድል ዋጋው ይወደዳል።)
“ቀርፋፋ ነው” አልኩኝ፣ “አብዝቶ ዝም ይላል፤
ሲጠይቁት ደግሞ ‘አላውቅም’ ይመልሳል።”
ስልሳ ብር ነበር። ምሳ በላሁበት።

ማን ይናገር? የነበረ፤ ማን ያርዳ? የቀበረ፣ ይላል የድሮ ሰው።
ያልነበረው ተናገረ፣ ያልቀበረው አረዳ፣ ሒሳቡም ደረሰው።

በጥር አክስቴ አልጋነሽ ከኮምቦልቻ መጣች።
መነጽሯን አድርጋ የኔኑ ቃል ለኔ አነበበች፤
ሎሚው ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች።
“ይሄ ልጅ ይምራን” አለች። ምን ልበላት?

ደንገጎን ወጣን፣ አወዳይን አለፍን።
ነጂብ ሸዋ በር ላይ ቆሞ ተቀበለን።
በመልክ አያውቀኝም፤
ድምፄን እንዳይለየው ትንፍሽ አላልኩም።

ሰባት በር አሳየን።
አምስቱ የጥንቶቹ፣ ስድስተኛው የመኪናው፤
ሰባተኛው ከግንቡ ሥር፣ ጅብ የሚሾልክበት ቀዳዳ ነው።
“ይኼም በር ነው” አለ። ምን ያድርግ፣ ተጽፎበት!
በመኪና ግርግር በኩል፣ የሰፊዎች መኪና ሲንጣጣ፣
ጠባብ መንገድ ገባን፤
ቀለሙ ገና ያልደረቀ ሰማያዊ በር ተከፈተ፣
አሮጊት ብቅ አለች፣ ሎሚ ዘረጋችልን።
አክስቴ እንባዋ መጣ። “ልክ እንደተባለው!”
የሎሚው ጠረን እውነት ነው፤
እስከ ማታ ከእጄ አልለቀቀም።

ማታ ጅቦቹን በስም ጠራ። መጡም።
(ጅብ በማያውቁት አገር “ቁርበት አንጥፉልኝ” አለ ይባላል፤
እዚህ ያውቁታል፤ ሥጋውን በልቶ ዘወር ይላል፣
አስተያየት አይሰጥም።)

አክስቴ አልጋዋ ላይ ሆና፣ በገዛ ስሟ፣ አምስት ኮከብ ሰጠች፤
ሰባቱን በር፣ ሎሚውን፣ አንድ በአንድ ጻፈች።
ምን ብዬ ልከልክላት?
እሷ ነበረች። እሷ ትናገር።

እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ሊነጋጋ ሲል ብቻዬን ፈላና በር ወረድኩ፤
ድንጋይ ላይ ሽማግሌ ተቀምጧል። “አው ሻሚ?” አልኩ።
“ማን ላከህ?”
“ማንም።”
ተነሣ። ቀስ ብሎ በግንቡ ጥግ መራኝ።
ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።
ኖራው የተላላጠ አንድ መቃብር ጋ ቆመ።
“የማን ነው?”
“አላውቅም” አለ፤
ቆየት ብሎ፣ “አባቴም አያውቅም ነበር።
ግን ሰላም ሳንለው አናልፍም።”
እጁን ዘረጋ፣ ሰላም አለው፤ እኔም እንደሱ።

ስድቤ ሁሉ እውነት ሆኖ ቆመ ፊቴ፦
ቀርፋፋ ነው፣ ዝም ይላል፣ አላውቅም ይመልሳል።

ስልኬን አወጣሁ።
“ምን ልታደርግ ነው?”
“ኮከብ ልሰጥዎት።”
በኤረር በኩል ቀና ብሎ ሰማዩን አየና
“ነግቷል እኮ” አለኝ።