ባሕሩ በተዘጋ ሌሊት

ካህኑ በዓመት አንዴ በጀልባ ይመጣል፣
ያጠምቃል፣ ያጋባል፣ አቁርቦ ይወጣል።
የቀረውን ጊዜ፣ ለሕፃን ለሬሳ፣
በቺሎዌ ዝናብ፣ በደሴቷ አበሳ፣
መጽሐፉን ይዞ ከፊት የሚነሳ
ባውዲልዮ ነበር።

ባውዲልዮን ደግሞ ማን የማያውቅ አለ?
ቅዳሜ በፖም ጠላ ሲንገዳገድ ዋለ፣
እሑድ አዝራሩን አዛንፎ «እንጸልይ» አለ።
ቤተ ክርስቲያናችን ሚስማር የላት በውስጧ፣
አያቶች በጩቤ የጠረቡት የእንጨት ችንካር ነው መዋቅሯ፤
አንዱም ቀጥ አላለ። ቆማለች እስካሁን፣ ከነማጋደሏ።

የአባቴን ሞተር የሰረቀው እሱ ነው።
ምስክር አልነበረም፤ ግን የማያውቅ ማነው?
የጀልባችን ጀርባ ባዶ በተገኘ ማግስት
ካስትሮ ከተማ ወርዶ ተመለሰ በአዲስ ቦት፣
ጥቁር የላስቲክ ቦት፣ እስከ ጉልበት።

አባቴ አራት ክረምት በመቅዘፊያ ጨረሰ፤
ሳሉ ከደረቱ ውስጥ ጎጆውን ቀለሰ፤
በነሐሴ አንድ ማታ የማይቀረው ደረሰ።

«ካህን ጥሩ!» አልሁኝ። «ባሕሩ ተዘግቷል» አሉ፤
ከወደቡ ቀይ ሰንደቅ፣ ጀልባዎቹም ታስረው ይላጋሉ።
እናቴ ኤርሜሊንዳ፣ ምድጃው ውስጥ እንጨት እየማገደች፣
«ባውዲልዮን ጥሪው» አለች፤
ቀና ብላ እንኳ አላየች።
«ያን ሌባ? ከአባቴ ራስጌ?»
«የጠማው ሰው፣ ልጄ፣ የቅሉን ስንጥቅ አይቆጥርም።»

ሄድኩ። ዝናቡ ከጎን ይመታል፣ ከላይ አይወርድም።
በመንገድ ከእግዜር ጋር ተሟገትኩ፤ «ሌላ እጅ አጣህ?» አልሁት፤
«ስንት ንጹሕ ሰው ሞልቶ…» ብዬ ስም ልጠራ ስል አጣሁት፤
የደሴቲቱን ሰው አንድ በአንድ ቆጠርኩ፣
ራሴ ጋ ስደርስ ተውኩት።

በሩን ከፈተ። ከሱ ቀድሞ ጠረኑ ወጣ።
«አባቴ ሊሞት ነው» አልሁት፤ ሌላ ቃል አልመጣ።
ዝም አለ። ወደ እግሩ አየ። ጎንበስ ብሎ አወለቃቸው፣
እነዚያን ቦቶች፣ ከደጃፉ አቆማቸው፣
ባዶ እግሩን፣ ጭቃውን እየረገጠ ተከተለኝ።
ሙሴስ ስፍራው ቢቀደስ ነው ጫማውን የፈታ፤
ይሄኛው ስለ ሰረቀ፣ አልሁ በልቤ፣ ያን ማታ።

መነጽሩ በክር የታሰረ፣ መጽሐፉ የረጠበ፣
እጁ እየተንቀጠቀጠ ሁለት መስመር አነበበ፤
«በደላችንን ይቅር…» ላይ ሲደርስ ቆመ።

አባቴ ዐይኑን ገለጠ። «በስንት ሸጥከው?» አለ።
የምድጃው እንጨት ተንጣጣ።
«በመቶ ሃምሳ ሺህ ፔሶ» አለ ባውዲልዮ፣ ድምፁ እየሰለለ።
«አዬ ሞኙ! ሦስት መቶ ያወጣ ነበር እኮ!»
ሳቀ አባቴ፤ ሳቁን ሳል ነጠቀው፤
ሳሉን ደግሞ ሳቅ ቀማው።
«በል አሁን ጨርሰው ጸሎቱን» አለው፣ እጁን ይዞ።

አነበበ እንግዲህ። እንባው ፊደሉን እያጠበው፣
በዚያው ድምፁ፣ መጠጥ ባሻከረው።
ለስላሳ ገመድ ከእጅ ያመልጣል፣ ይህን ባሕርተኛ ያውቃል፤
ሻካራው ነው በጨለማ መዳፍ የሚጨብጠው።
አባቴ እስኪነጋ ያንን ይዞ ተጓዘ፤
መቼ እንደ ለቀቀው አላየሁም።

ተለወጠ አልላችሁም። በፋሲካ ሰክሮ
ከደወሉ ማማ ሥር አንኮራፍቶ ተገኘ፤
ሞተሩም አልተመለሰ። እኔም ገና አልጨረስኩም፤
ይቅርታዬ እንደ ባሕሩ ነው፣ ይመጣል፣ ይሸሻል፤ አልዋሽም።

ግን በሰኔ እህቴ ሮሳውራ ያለ ጊዜዋ ወለደች፤
ልጅቷ ክር በምታህል ትንፋሽ ትታገል ነበር፤
ባሕሩም ተዘግቶ ነበር።
ማንም «ጥሪው» ሳይለኝ በዝናቡ የሮጥኩ እኔ ነኝ።
ቦቶቹ ከደጃፉ፣ ያቆማቸው ቦታ ነበሩ፣
ውሃ እስከ አፋቸው ሞልቷቸው።

መጣ፣ ባዶ እግሩን። ከሳህኑ በመዳፉ ጨለፈ።
እጁ እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል፤
ግማሹ ውሃ መሬት ፈሰሰ፣
ግማሹ ግንባሯ ላይ ደረሰ።