ቁልፉን ግማሽ አዙር

ተው፣ ሞተር አታስነሣ፤ ቁልፉን ግማሽ አዙር፣
መብራቱን ረዥም አድርግና ክሩስኮቱን ቁጠር።
ደጀን ገና አልነጋም፤ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ
ከመስታወቱ ላይ እንደ ላብ ተኝቶ፣
ዝናብ መጥረጊያው አንድ ክንድ፣ እሱም ሰነፍ፣
ግማሹን ጠርጎ ነው ግማሹን የሚያልፍ።

ልየው፣ ረዳት ከሆንክ ይኸው አሥር ቀንህ፤
ታኮ መወርወሩን፣ ሸራ ማልበሱን ለምዷል እጅህ፤
ማየት ግን ይቀርሃል። ጎንበስ በል፣ ቅረባት፤
አሮጊት ናት ይቺ ፊያት፣ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አባቴ የገዛት
ቡሬ፣ ካንድ በርበሬ ነጋዴ ነው፣ ሦስት በሬ ሸጦ፣
የቀረውን ደግሞ ከዕቁብ አሟጦ።

ይቺ ቀይ፣ ባትሪ የተሳለባት፣ ዲናሞው ሲያንቀላፋ ነው፤
ሞተር ሲነሣ መጥፋት አለባት። እምቢ ካለች አትልፋ፣
ወርደህ ቺንጊያውን በአውራ ጣት ጫነው፤
ጣትህን ከዋጠ፣ ሌላ አትፈልግ፣ እሱ ነው።

ይቺኛዋ ሙቀት ናት። ዓባይን ወርደን የወዲያ ማዶን ዳገት ስንይዝ
ዓይኗ ደም ይለብሳል፤ ያኔ ዳር ያዝ።
ክዳኑን ግን እንዳትነካ፤ ጥላ ሥር ቁጭ በል፣ ጠብቅ፤
አባቴ ክንድ ላይ የነበረው ቆዳ፣ የተጨማደደ ጨርቅ፣
ራዲያተር ነው የጻፈው፣ በአንድ ቀን ችኮላ፤
እኔም እሱን አንብቤ ነው የተማርኩ፣ መምህር የለኝም ሌላ።

ይቺ አየር። ጆሮህን ስጣት፣ አትደብቅም፣ ትጮኻለችም፤
እሷ ሳትጠፋ ታኮ አይነሣም።
መቶ ኩንታል በቆሎ ከጀርባህ ጭነህ
ከዓባይ ቁልቁለት ጋር አትደራደርም፣ ዋስ ጠርተህ።

ሰማያዊዋን ተዋት፤ የረዥሙ መብራት ናት፣
የሚመጣን ሰው ዓይን ማሳወር ብቻ ነው ያለባት ኃጢአት።
ቢጫዋስ? እሷ በናስትሮ ታሽጋለች፤
የፍኖተ ሰላሙ ኤሌክትሪሻን ከነካት ወዲህ ቀንና ሌት ትዋሻለች፣
"ነዳጅ አለቀ!" እያለች፣ ሰልባትዮው እስካፉ ሞልቶ፤
አባቴ ስምንት ወር ሰምቷት፣ ባንድ ጠዋት አፏን ዘጋ፣ ሰልችቶ።

ስንት ቆጠርክ?
አምስት። ከነናስትሮዋ።
ስድስት ናቸው፣ ልየው።

ከሙቀቷ ጎን ያለችው፣ የዘይት ጣሳ የተሳለባት፣
እያት፣ አቧራ እንጂ ብርሃን የለባት።
ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ስትል፣ "ዘይቷስ ጤና ነው" ብለን
ስንመርቃት ኖርን፤ አምፖሏ ተቃጥሎ እንደሆን
ማን ጠየቀ?

የበራውን አትፍራ፤ እሱስ ነግሮሃል፤
ቁልፍ ሲዞር ዝም ያለ፣ እሱ ገደል ይወስድሃል።
ይህን ያወቅኩት ግን ከመኪና አይደለም።

"ደህና ነኝ፣ ውብዳር።" ጠዋት ስጠይቀው፣ ማታ ስጠይቀው፣
ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ ነበር የሚመልሰው።
ደብረ ማርቆስ፣ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ
"ሁለት ዓመት ሳያመው አልቀረም" አለኝ፣ ዓይኔን ሸሽቶ።
እኔ ያን ሁለት ዓመት ስመካበት ነበር፤
"አባቴን ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም" እያልኩ፣ ለጎረቤት ስናገር።

ተወው። ካቻቢቴውን አቀብለኝ። ሰማያዊዋን ንቀል፤
ሊነጋ ነው፣ ረዥም መብራት ምን ያደርግልናል? አምፖሏን ለዘይቷ ትከል።
ቀስ፣ አታጥብቀው፣ ስስ ነው።
አሁን ቁልፉን። ግማሽ ብቻ።

እ?

በራች።
ቀይ፣ ትንሽ፣ የቀጋ ፍሬ የምታክል።

በል አስነሣ እንግዲህ። ከጠፋች እንወርዳለን፤
ካልጠፋች፣ በቆሎውም እኛም ደጀን እናድራለን።