ድንኳኑ ተይዟል

ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ በምስማር ተሰቅሏል፣
ከበሩ ጀርባ ላይ፣ ጥርሱ ትንሽ ዝጓል።
አሥራ ስምንት ዓመት የዕድሩን ንብረት
ስቆጥር የኖርኩ ነኝ፣ ሳስረክብ በሌሊት፦
ድንኳን አንድ ትልቅ፣ ጎኑ የተለጠፈ፣
አግዳሚ ሠላሳ፣ ድስት ከነጭልፋው፣ ፍራሽ አሥራ ሁለት፣
እንዲሁም አንድ ፋኖስ
መስታወቱ የሌለው፣
ማን እንደሰበረው እስካሁን የማይታወስ።

ሸዋ በር ላይ ሌሊት ጥሩንባ ሲነፋ
እንቅልፌ ነው ቀድሞኝ ከአልጋ የሚጠፋ።
የጦሳ ተራራ ጉም እንደለበሰ፣
የሰፈር ጎረምሳ ደጄ እየደረሰ
«ቋሚው የት ነው?» ሲለኝ፣ «ገመዱስ?» ሲል ሌላው፣
ሐዘን ሥራ ነበር፣ ትከሻ የሚያዝለው።

ዘንድሮ ግን ሚያዝያ፣
ፋሲካውም ረመዳኑም ቤት ተዘግቶበት ሲውል፣
ጥሩንባው ዝም አለ። ሞት ግን ዝም አላለም።
ሐዋ ሰይድ ሞተች፤ ስልክ ነው የነገረኝ።
ከግድግዳው ማዶ፣ ሃያ እርምጃ ላይ፣ ስልክ ነው የነገረኝ።
አራት ሰው ወሰዳት። በመስኮቱ ስንጥቅ አራት ጀርባ አየሁ፤
አፌ በጨርቅ ታስሮ
ቆጠርኩ፣ አነሰብኝ። እንደገና ቆጠርኩ። አራት።
ያቺ የስንቱን ሠርግ፣ የስንቱን ተዝካር ያበሰለች፣
የክርስቲያኑን ድስት ለብቻ፣ የእስላሙን ለብቻ ጥዳ ያመሸች፣
አንዱን ጭልፋ ከአንዱ ሳታቀላቅል፣
ለአራት ሰው ትከሻ እንዴት ብላ ትቅለል?

በግንቦት ደግሞ እህቴ። አንጓች። ኮምቦልቻ።
መናኸሪያው ዝግ ነው። የሐረጎ ጠመዝማዛ ብቻ
ቁልቁል ይወርዳል፣ ሰው ሳይጭን።
ልጇ ስልኩን ወደ ጉድጓዱ አስጠጋልኝ፤ የአፈሩን ድምፅ ሰማሁ፤
አንድ አካፋ፣ ሁለት አካፋ፣
ከዚያ ካርዱ አለቀ።
ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለብቻ ሲያለቅሱ
እንባ የት ላይ እንደሚቆም የሚነግር የለም።
«በቃህ፣ ተው» የሚል ሰው
ለካ የለቅሶው ግማሽ ነው።

ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ ሲከብድ፣ ሸራው ይሻግታል ብዬ
ግምጃ ቤቱን ከፈትኩ።
ከእጥፋቱ መሀል አንድ ዓይን አየኝ።
ድመት። የማን እንደሆነች እንጃ። ግራጫ፣ ጆሮዋ የተበላ።
ከሆዷ ሥር ደግሞ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣
እንደ እርጥብ ካልሲ የተጠቀለሉ።
ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። አራት።
ለሐዋ ባልተተከለው ሸራ፣ ለአንጓች ባልተተከለው ሸራ
እየጠቡ አሉ።

የዕድሩ ሊቀመንበር ኑርሁሴን ደወለ፦
«ጋሼ ይርዳው፣ ድንኳኑን አይጥ እንዳይበላው፣ አውጥተው ያናፍሱት።»
«አይሆንም» አልኩት።
«ለምን?»
«ተይዟል።»
ድምፁ ደነገጠ። «ደግሞ ማን ሞተ?»
«የሞተ የለም» አልኩ።
ይችን ቃል ከመጋቢት ወዲህ ስላት የመጀመሪያዬ ነው፤
ጣፈጠችኝና ደገምኳት፦
«የሞተ የለም። አራስ አለች።»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ መሀሉ ላይ ተሰበረ፤
የሐዋ ልጅ ነው ኑርሁሴን፣ እናቱን ከተሸከሙት ከአራቱ አንዱ።
አለቀሰ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅሁት፣
ዝናቡ ከቆርቆሮው ላይ እስኪያባራ ድረስ።
«በቃህ፣ ተው» አልኩት።
ጥቂት ቆየና፣ «እርስዎም ይብቃዎ» አለኝ።
ለካ ሰምቶኛል።

አሁን በየማለዳው ግማሽ ጣሳ ወተት ደጃፏ አኖራለሁ።
አንደኛው፣ ጥቁሩ፣ ዓይኑን ገልጧል።
መንገዱ ሲከፈት፣ መጀመሪያ ሐዋ ደጅ፣ ቅርብ ስለሆነች፣
ከዚያ ሐረጎን ወርጄ
ይሄንኑ ሸራ አንጓች ደጅ እተክላለሁ።
ዘገየህ ቢሉኝም፣
የድመት ፀጉር አለበት ቢሉኝም፣
አላራግፈውም።