ሳላይ

ጥር ነው ዊኒፔግ፤ ብርዱ ጥርስ አውጥቷል፤
የመስኮቱን ጠርዝ ከውስጥ ነክሶታል።
ምድር ቤት ወርጄ ከሁለት መቶ ሊትር ውኃ ፊት ለፊት
ተቀምጫለሁ፣ ካልሲ ላይ ካልሲ ደርቤበት።
ውኃው ሃያ ሰባት ዲግሪ፤ ከግድግዳው ማዶ ሠላሳ አራት፣
ያውም ከዜሮ በታች። በመሃሉ አንድ ጣት
የማይሞላ መስታወት፣ አንዲት ቀጭን ማሞቂያ።
በጋ ይችው ናት፣ ጥግ ላይ ተሰክታ በግድግዳ ማብሪያ።

ሮዴል ነው የሸጠልኝ፣ የሳርጀንት መንገድ ዓሣ ነጋዴ።
«ዓሣ ማንም አያረባም፤ ውኃ ነው የሚረባው፣ እህቴ»
ብሎኝ ባዶ ውኃ ይዤ ስድስት ሳምንት ስጠብቅ፣
ጎረቤት «ዓሣሽ የታለ?» ሲለኝ አፍሬ ስስቅ፣

በኋላ ገቡ፦ ኒዮን አሥራ ሁለት፣ እንደ መብራት ክር የሚያበሩ፤
ኮሪዶራስ አምስት፣ ጢማሞች፣ አሸዋ ሲምሱ የሚኖሩ፤
ጉፒዋ አርግዛ ገብታ በሳምንቱ ወለደች፣
የወለደችውን ሳልቆጥር ደግማ አረገዘች።
ከዚያ ሁለት መልአክ ዓሣ፤ ክንፋቸው ረጅም፣ ዝግታቸው የሹም።
«ሰላማዊ ናቸው» ይላል ወረቀቱ፤ የጻፈው ግን አብሯቸው አልኖረም።
አሥራ ሁለቱ ኒዮን ዘጠኝ፣ ዘጠኙም ሰባት ሆነ፤
መልአክ ብሎ ስም ያወጣ ሆዳቸውን መች መዘነ?

በመስከረም ጣሉ፤ ሰፊ ቅጠል ላይ፣ ረድፍ በረድፍ፣
እናት ደርድራ ስትመለስ፣ አባት ተከትሏት ሲያልፍ።
ባትሪ ይዤ ሌሊት ወረድኩ፤ በማግስቱም ወረድኩ፤
አጎንብሼ ቆጠርኩ። ሦስት መቶ አሥር ደረስኩ።
ጠዋት ቅጠሉ ባዶ። አባትየው ያላምጣል።
ሰው ቢሆን ዳኛ ፊት ይቀርብ ነበር። ዓሣ ነው። ይዋኛል።

በጥቅምት ደገሙት። በኅዳርም። ባትሪዬን ቀየርኩ እኔ፣
ነጭ ብርሃን ያለው፣ ትልቅ፣ አንድም እንዳያመልጥ ካይኔ።
ልጄ ኬብሮን ከደረጃው ላይ፣ የጆሮውን ማዳመጫ ሳያወልቅ፣
«እማ፣ አንቺ በባትሪ እያዩሽ ትወልጂ ነበር?» አለኝ ሲስቅ።
«አንተስ በርህን ምን አስቆለፈህ?» አልኩት።
ሄደ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁት።

በጥር፣ ለአራተኛ ጊዜ በጣሉ ማታ፣ መብራት ሄደ።
ሰፈሩ ባንድ ትንፋሽ ጠፋ፤ ፓምፑ ዝም ሲል ጆሮዬ ከበደ።
ሃያ ስድስት። ሃያ አምስት ተኩል። ኬብሮን ሮጠ፤
የካምፕ ከረጢቱን አመጣ፣ አልጋውን ገለበጠ፤
መስታወቱን እንደ ጨቅላ ጠቀለልነው ከላይ እስከ ታች፣
ጋዙ ላይ ያሞቅነውን ውኃ በጠርሙስ ስናንሳፍፍ፣ ማናችንም ሳንሰለች።
የባትሪዬን ድንጋይ አውጥቶ ለትንሿ የአየር ፓምፕ ሰጣት፤
እኔ ምን ቀረኝ? መዳፍ፤ መስታወቱን የምዳስስበት።
ለብ ይላል። ሌላ አላውቅም። ማን በላ? ማን ጠበቀ?
በዚያ ጨለማ ልጄ አወራኝ፤ ኬሚስትሪ እንደወደቀ፣
ከዚያም አንድ ስም ጠራ፤ ድምፁ ትንሽ ሞቀ።
አልጠየቅሁም። ፊቱም አይታየኝም ነበር።

በነጋታው መብራት መጣ። ብርድ ልብሱን ግን አላነሳሁም፤
ሦስት ቀን ሙሉ እጄን ያዝኩት፣ አልመረመርኩም።
በአራተኛው ጠርዙን ትንሽ ገለጥ ሳደርገው
ቅጠሉ በጭራ ይርገበገባል፤ ሕይወት ነው የሚያንቀጠቅጠው።
አንዱ ተነጥሎ ሲወድቅ አባትየው ጎረሰው፤
ልቤ ቀጥ አለ፤ እሱ ግን ተፍቶ ቅጠሉ ላይ መለሰው።

ስንት ናቸው? አትጠይቁኝ።
ፎቅ ላይ የኬብሮን በር ዝግ ነው፤ ከሥሩ ብርሃን ይታየኛል፤
ለማንኳኳት ያነሳሁት እጅ ራቱን ደጁ ላይ ያኖራል።
ከደረጃው ሥር ባትሪዬ ተሰቅሏል፣ ሆዱ ባዶ፣ ያለ ድንጋይ፤
አልሞላሁትም እስካሁን። እስቲ ይደጉ፣ ሳላይ።