የሌሊት ተረኛ

ሻርጃ ነሐሴ ነው፤ ሌሊቱም ያልበዋል፤
መስኮቱ ተንፍሶ ባሕሩ ዝም ብሏል።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ በማይክሮስኮፕ ፊት፣
ተራዬ ነው ዛሬም፣ እንደ ሁሉ ሌሊት።

የሽንኩርት ልጣጭ ያህል የሳሳች ሥጋ፣
ሐምራዊና ቡናማ ተቀብታ፣
ጣት በምታህል ብርጭቆ ላይ ተኝታ።
ጥጓ ላይ ቁጥር አለ፤ ስም አይጻፍም እዚህ።
ቁጥሩን ግን አውቀዋለሁ፤
የጋሽ ይመር ጨጓራ ናት።

ይመር የወረባቦ ልጅ፣ የአል ናህዳ ዘበኛ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌሊት ተረኛ፤
ከሃያ ሰባት ፎቅ ሕንጻ በር ላይ ቆሞ፣
የሌላውን እንቅልፍ በጉልበቱ ተሸክሞ።
ሲቆርጠው፣ ሲያቃጥለው፣ ‹ሆድ ይፍጀው› ይል ነበር፤
ሆድም ሰማው መሰለኝ፤ መፍጀቱ መች ሊቀር።

ዕጢውን አየሁት። እሱ አልገረመኝም፤
ሌባ ሌባ ነው፣ ስሙን አልደበቀኝም።
የገረመኝ ዙሪያው ነው።
ነጭ የደም ሕዋሶች፣ ትልልቆቹ በሊታዎች፣
በቡናማ ቀለም የለየኋቸው ዘበኞች፣
ሊበሉት ተልከው ከበውት ተቀምጠዋል፤
አንድ እንኳ አልጎረሱም።
ይልቅ ደም ሥር ይቆፍሩለታል እንደ መስኖ ቦይ፤
ሊዋጋ የመጣውን ወጣት ሕዋስ ከደጅ ይመልሳሉ፦
‹ሂድ፣ ሰላም ነው፤ እኛ አለን አይደል ወይ?›

ሐኪሙ በዓረብኛ ነግሮታል፤ እሱም ‹ዘይን› ብሏል፤
‹ዘይን› ግን ሰማሁ ነው፤ ገባኝ ማለት መቼ ይሆናል።

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ ተራዬን ስጨርስ።
‹በኛ ቋንቋ ንገሪኝ› አለ፤ ‹ሆዴ ውስጥ ማን ገባ?›
‹ማንም አልገባም ጋሼ፤ ከራስህ የወጣ ነው።
የከፋው ዘበኞችህ ናቸው፤ አብረውት ያድራሉ።›

ሳቀ። ሳቁ አመመውና ሆዱን ያዘ።
‹ዘበኛ በአንድ ቀን አይከዳም፤ እኔን ጠይቂኝ።
መጀመሪያ ካራክ ሻይ ነው፣ በወረቀት ኩባያ፤
ቀጥሎ ሰላምታ፤ ቀጥሎ በስምህ መጥራት፤
ከዚያ «ለአፍታ ዓይንህን ወደ ባሕሩ አዙርልኝ» ይልሃል።
ታዞራለህ።
ባሕሩም ያምራል።›

ዝም አለ። የግሉኮሱ ጠብታ ብቻ ይሰማ ነበር።

‹በስድስተኛው ዓመቴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
አንዲት ልጅ ወረደች በዕቃ አሳንሰር፤
እግሯ ባዶ፣ ልብሷ በፌስታል፣
ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ እንዳለ ታትሟል።
«ጋሼ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።
ካሜራውን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤
የኋላውን በር ከፈትኩ።
ስሟን አልጠየቅኳትም።
ቁስል አየሁና ከዳሁ በቃ።
እነዚያስ? ሆዴ ውስጥ ያሉት?
ቁስል አይተው ይሆን?›

መልስ ጠፋኝ፤
የተማርኩትን ነበርና የጠየቀኝ።
ዕጢ ቁስል መስሎ ይጣራል፣ ‹ጋሼ› ይላል፤
እነሱም ይራራሉ፤ ለመጠገን ይጣደፋሉ፤
ደም ይጠሩለታል፣ ሥጋ ይሰፉለታል፤
ጥፋታቸው ልባቸው አይደለም፣
ያዘነችበት በር ነው።

‹የሚቀሰቅስ መድኃኒት አለ› አልኩት፤ ‹ለሁሉ ግን አይሠራም።›
‹ይሞከር። ቀስቅሷቸው፤
ግን አትስደቧቸው፤ የሌሊት ሥራ ነው።
አንቺም አብሽሪ፤ ሂጂ ተኚ።›

ወጣሁ። ጎሕ ቀዷል፤ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴን ያዘ።
የሆስፒታሉ ዘበኛ፣ የኔፓሉ ልጅ፣ ከወንበሩ ተነሣልኝ፤
ሦስት ዓመት ሰላም ተባብለን ስሙን አላውቀውም።
ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤
ዓይኑን ከበሩ ላይ እንዳላዞርበት።