ማንሳት

ከባቱሚ በላይ፣ ከሻይ እርሻው ዳር፣
ዝናብ ያዘለ ጉም ከባሕር ሲሻገር፣
ጭልፊቱ በሺህ ነው፤ በዚህች ጠባብ በር
ወደ ደቡብ ያልፋል፣ አንዱ ላንዱ ሳይናገር።

ላማራ ካሜራ ይዛ፣ አባቷ በርጩማ፤
ድሮ እዚህ ጉብታ ላይ ተኩስ ሲሰማ፣
ማን ስንት እንደጣለ ያወራ ነበር ከተማ።

ቀኑን ሙሉ ለፋች። ያገኘችው ጭራ፣
ግማሽ ክንፍ፣ ደመና፣
ባዶ ሰማይ፣ ተራ በተራ።

«ወፉን አትከተዪው» አለ ቀስ አድርጎ፣
የለውዙን ቅርፊት ከጉልበቱ ጠርጎ፤
«ከምንቃሩ ቅደሚ፣ አንድ ክንድ ወደፊት፤
ክንፉን ሲያዘነብል ትንፋሽ ዋጥ አርጊበት፤
ራሱ ይመጣል ወዳነጣጠርሽበት።»

ጠቋሚ ጣቱ ግን ብቻዋን ታጠፈች፤
እሱ ሲጥል የኖረውን ልጁ አነሳች።

ተንጊዝ መነጽሩን ገፍቶ አየ ስክሪኑ ላይ፦
ዓይን። ክፍት። ቀጥ ብሎ የሚያይ።

ስንቱን ጭልፊት ይዟል በነዚህ እጆቹ፣
ከሣር ላይ ሲለቅመው፣ ተከድነው ዓይኖቹ።

«ለካ ቢጫ ነበር» አለ።
በርጩማውን ወደ እሷ አስጠጋ፣
ለጥቂት ዝም አለ።
ከዚያ በድንገት፦
«በግራሽ! ሌላ መጣ። ቅደሚው!»