ሲጠብቅ፣ ሲላላ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት። የከዚራ ዛፎች ገና ጥላ አልጣሉ፣
ፀሐይዋ ግን ቀድማኝ ክፍል ገብታለች፤ መስኮቶቹ ይግላሉ።
በሳምንት ሃያ ሰባት ክፍለ ጊዜ፣ አምስት ምድብ፣
አንድ ዴስክ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አራት ልጅ ተቃቅፎ የሚያነብ።
ዓመታዊ ዕቅድ በሦስት ኮፒ፣ ማኅተም ያለው፣ ፊርማ ያለው፤
ዕለታዊው ደግሞ ለየቀኑ፤ ዕለቱን ግን ማን አየው?
የንባብ ክበብ ለእኔ። ሚኒ ሚዲያ ለእኔ። የአሥረኛ "ሐ" ኃላፊነት ለእኔ።
የጎደለው መምህር እስኪቀጠር ድረስ የእሱም ክፍል ለእኔ፤
"አንቺ አፍሽ ይፈታል" አሉኝ አቶ ቱሉ፣ የፈረቃው መሪ፣
"ሥነ ዜጋ ምን አለው ለቋንቋ አስተማሪ?"

ማራገቢያው ካምና ጀምሮ በሦስት ክንፉ ቆሟል፤
ጠመኔው በላቤ ርሶ ጣቴ ላይ ጭቃ ሆኗል።
ዛሬ የምጀምረው ከመጥበቅና ከመላላት ነው፤
ፊደሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት፣ ጆሮ ብቻ የሚለየው።
"ገና" ብዬ እጽፋለሁ። ሂባቅ በዓሉን ታነባለች፤
ኢፍቱ "ገና ነው፣ አልደረሰም" ብላ ትስቃለች።
"አቦ ቲቸር! ታዲያ ለምን ምልክት አያደርጉበትም?" አንዱ ከኋላ ይላል፤
ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ መልሱ ግን ከየት ይገኛል?

የሚያስቡት በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፤
ቃሉ የደረቀውን ደቻቱን በእግሩ አቋርጦ ይመጣል፣ አሸዋ የለበሰ ተሻጋሪ።
እኔ በቀይ እስክሪብቶ አሸዋውን አራግፋለሁ፤
አንዳንዴ ከአሸዋው ጋር እግሩንም እቆርጣለሁ።

ስም ጥሪ። ሰባ አንድ ስም። የተጠራው ሁሉ "አቤት" ይላል፤
ቁጥር ሠላሳ ስምንት ላይ ብቻ ድምፁ ይለያል።
"ነጂብ አብዶሽ?"
"አለ!"
"ነጂብ አብዶሽ?"
"አለ፣ ቲቸር፣ ወላሂ!"
በሦስተኛ መደብ፣ ከኋላ ዴስክ፣ በሌላ ሰው አፍ።
ሰዋስው የማስተማር እርግማኑ ይኸው ነው፤
ያለ ሰው "አለሁ" ይላል።
"አለ" የተባለው የለም።
ሁለት ሳምንት "አለ" አሉልኝ። ሁለት ሳምንት ሰማሁ እንጂ አላረምኩም።

ማታ ሁለት ማዳበሪያ ደብተር፣ "ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ"፣ አንድ አንድ ገጽ፤
ባጃጅ አስቆምኩ፤ ሾፌሩ ዞር አለ፤ የማውቀው ገጽ።
ፎጣ ባንገቱ። ጢሙ ያላበቀለ።
"ቲቸር፣ እዚህ ውስጥ የኔስ ደብተር አለ?"
"ያንተማ የለም።"

"ባጃጇ የአጎቴ ናት፣ እስከ ኅዳር ነው" አለኝ፣ ሳልጠይቀው፤
"እስከ ኅዳር" የሚለውን ላላ አድርጎ ተናገረው።
"ታዲያ ክረምቱን ልንገርሽ?" አለ። (ድሬ ላይ "እርስዎ" ብዙ አይሰማም።)
ከለገሀሬ እስከ ሳቢያን አወራልኝ፤ ነጠላ ሰረዝ የለ፣ አራት ነጥብ የለ አንድም፤
ስለ ቤንዚን ሰልፍ፤ ደቻቱ ሲሞላ ድልድዩ ጋ ምጥ ስለያዛት ሴት፤
ስሟን ሳይጠይቅ ስለማድረሱ፣ በዝናብ፣ ባንድ መብራት፤
በማግስቱ ወንበሩን ሲያጥብ ስላገኘው አንድ ያንገት ጨሌ፣
እስካሁን ከመሪው ሥር ስለተንጠለጠለ። አሳየኝ። ሰማያዊ ነው።
ሰባት ዓመት ሳርም እንዲህ ያለ ድርሰት አልገጠመኝም።
ማዳበሪያዎቹን ደረጃው ድረስ አወጣልኝ።
ሒሳቡን ተቀበለ። መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ።
ሌላ መልስ አልጠየቅኩትም።

አሁን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። መብራት ሄዷል፣ በስልክ ብርሃን አርማለሁ፤
ከሦስት መቶ አርባ አራቱ ሃያ አንዱን ጨርሻለሁ።
መዝገቡ ተከፍቷል። ሠላሳ ስምንተኛው መስመር ላይ
ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጬ በእርሳስ
"አለ" ብዬ ጻፍኩ።
ፊደሉ አንድ ነው። የሚያነበው ያጥብቀው።

ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሥነ ዜጋ ነው።
አልተዘጋጀሁም። ገና ነኝ።
ላልቶ።